ፈረሱን ማን ያዘለት?

አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚገኝ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ላንድሮቨሯን ሰባት ሰዓት ላይ ግቢ አስገብቶ ቁልፏን ያስረክብና ቀጥ ብሎ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ይገባል። ከዚያ በአውቶቡስም በእግሩም ብሎ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ያየውን ግን ያን ዕለት ለማንም አይተነፍስም፤ ለእናቴም ቢሆን። ፊልሙ የእሑድ ነው።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ መቅረት አይታሰብም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን፣ እጅ አውጥተን፣ አጨብጭበን ስንለቀቅ የሰፈሩ ሰው ተንጋግቶ ወደ እትዬ ሻይ ቤት ይወርዳል። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ፤ ሻይ ቤቱም የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚሸጥበት በዚያ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ሻይ በከረሜላ ይጠጣ ነበር፤ ከረሜላውን ጉንጭ ውስጥ ይዞ ሻዩን ፉት ማለት ነው። ማንም ግን ለሻዩ ብሎ አይመጣም። ሰው የሚመጣው አባቴ ቅዳሜ ያየውን ፊልም ሊሰማ ነው።

አባቴ ያገኘውን ፊልም ሁሉ የሚያይ ሰው አይደለም። አንድ የሆሊውድ ተዋናይ አለ፤ ስሙ ለምላሳችን ስለማይመች አባቴ “ሰውዬዬ” ይለዋል፣ ሰፈሩ ደግሞ “አክተሩ”። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከመናገሩ በፊት አንድ ቅንድቡን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። የሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእሱ ምስል ያልተለጠፈ ቅዳሜ አባቴ በጊዜ ቤቱ ይገባና እስኪመሽ ይነጫነጫል። በማግስቱም ከድሮዎቹ አንዱን ይደግምልናል።

ለእኛ ሰፈር ሰውዬው የሚጫወታቸው ሰዎች ልዩ ልዩ ሰዎች አልነበሩም። አንድ ሰው ነው፣ ኑሮውም አንድ ነው። መጀመሪያ በፈረስ ከብት የሚነዳ ነበረ፤ ከዚያ የአንዲት ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆነ፤ ከዚያ ያለ ጥፋቱ ታሰረ፤ ከእስር ቤት ሲያመልጥ መርከብ ላይ ተቀጠረና ካፒቴን እስከመሆን ደረሰ። አንድ ጊዜ ሐኪም ሆኖ የመጣ ዕለት ትንሽ ተቸግረን ነበር። አባቴ ግን “እስር ቤት ሳለ ተምሮ ነው” አለና አለፈ። ፊልሞቹ ወደ አገራችን የሚደርሱት አርጅተው፣ ቅደም ተከተላቸውም ተዘበራርቆ ስለነበር፣ ሰውዬው በጥቅምት ሸብቶ በኅዳር ጎረምሳ ሆኖ ይመጣል። ይህን የፈቱልን ልብስ ሰፊው ሐጂ ናቸው። “ሂና ነዋ!” አሉ ጢማቸውን እያሳዩን። “እኔስ የምቀባው ለምን ይመስላችኋል?”

የአባቴ እንግሊዝኛ በወጣትነቱ ከውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ጋር ሲሠራ የለቀመው ነው፦ “ካም ኦን”፣ “ሌትስ ጎ”፣ “ሻት አፕ”። ፊልሙ ውስጥ ከእነዚህ ውጭ ያለውን ቃል ሁሉ ከራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላው ደግሞ አይሰስትም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሻይ ቤቱ በር ላይ ብቅ ካለ፣ አክተሩ የሚዋጋው ባለ ከብት ወዲያውኑ ባለርስት ይሆናል፣ ጭሰኞችም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከአክተሩ ኋላ ይሰለፋሉ። ሊቀመንበሩ ራሱን በአድናቆት ነቅንቆ፣ ሻዩን ጨርሶ ሲወጣ ጭሰኞቹም ይበተናሉ።

እትዬ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ “አገባ?” አባቴ ይህን ለመመለስ ተቸግሮ ኖሯል። ሰውዬው ወደ አንዲት ሴት ጠጋ ማለት ሲጀምር ሳንሱር የቆረጠው ቦታ ይደርስና ፊልሙ ይዘላል፤ ሲቀጥል ሰውዬው ወይ ፈረስ ላይ ነው፣ ወይ እየተተኮሰበት ነው። “ጠጋ ብሏል” ይላል አባቴ፣ ሊቀመንበሩ አለመኖሩን አረጋግጦ፤ “ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው መንግሥት ነው።”

የእትዬን ባለቤት ጋሼ እንላቸው ነበር። የእንጦጦ ደን ዘበኛ ናቸው፤ ከራጉኤል በታች ያለውን ባሕር ዛፍ ይጠብቃሉ። እሑድ እሑድ የዘበኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን እንደያዙ ከተራራው ይወርዱና የሻይ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ይቀመጡ ቢባሉ “እግሬ ጭቃ ነው” ይላሉ፤ በበጋም እንዲሁ። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ይሰሙና፣ ሰውዬው ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ስድስት ሰው ብቻውን አሸንፎ፣ እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን ገና ስንመልስ፣ እሳቸው ቀስ ብለው “ፈረሱን ማን ያዘለት?” ይላሉ።

ካፒቴን ሲሆን “መርከቧን ለማን ትቶ ወረደ?” ነው። ሐኪም ሲሆን “በሽተኛ ሊያይ ሲወጣ ቤቱን ቆልፏል?” ነው። ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ አባቴ ይበሳጫል። “ጋሼ፣ ሰው እየሞተ እርስዎ ፈረስ ይጠይቁኛል!” ሲላቸው “ንብረት ነዋ” ብለው ዝም። እትዬ ይህን መቶ ጊዜ ሰምተው መቶ ጊዜ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። ያን ሳቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፣ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። እናቴ “አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ” ስትለኝ ነው ያደግሁት። አባቴን ፊልም ውሰደኝ እያልኩ ሁለት ዓመት ለመንኩት፤ በመጨረሻ አንድ ሰኔ የትምህርት ቤት ውጤቴን አየና “በይ እሺ፣ ግን ዝም ብለሽ ነው የምታይው” ብሎ ወሰደኝ።

አክተሩ ገና ብቅ ሲል የሲኒማ ቤቱ ሰው በሙሉ አጨበጨበ፤ አባቴ እጆቹን ከራሱ በላይ አንስቶ ነው ያጨበጨበው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ አባቴ የሚነግረንና እዚያ የሚታየው አይተዋወቁም። ሰውዬው ባንክ ዘራፊ ነበረ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ባንኩን እንዲጠብቅ ቀጥረውት ነው” አለኝ። ሳቄን ውጬ ዝም አልኩ፤ ቃል ገብቻለሁና።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ተመታና ከፈረሱ ወደቀ። “አይሞትም! አክተር አይሞትም!” የሚል ጩኸት ከየወንበሩ ተነሳ። እስኪነሳ ሁላችንም ጠበቅን። አልተነሳም። ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ቆፈሩለት፤ አራት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፣ አንደኛው ከመጽሐፍ ትንሽ አነበበ፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው ሄዱ። መብራት በራ፣ ሰውም እያጉረመረመ ወጣ።

አባቴ መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ዳገታችን ሥር ስንደርስ ብቻ ቆም ብሎ “ይህን አልናገርም” አለኝ። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ “ትናንት ሥራ ይዞኝ አልገባሁም” ብሎ የመርከቡን ደገመ። እትዬ ግን እሱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጋሼም በሩ ላይ ቆመው የመርከቧን ነገር እንደገና ጠየቁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጋሼ ሞቱ። እላይ ደኑ ውስጥ ዝናብ መቷቸው፣ ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ቀን ብቻ ተኝተው ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቀበርናቸው።

እትዬ አላለቀሱም። በቀብሩም ላይ፣ ከቀብር መልስም፣ በሠልስቱም። ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው በሩን ያያሉ። እህል ሲቀርብላቸው “ቆይ” ይላሉ፤ ከሻይና ከውሃ በቀር አፋቸው የገባ ነገር የለም። ሙሾ የምታወርድ ሴት ከኮተቤ መጥታ ቤቱን በሙሉ ስታስለቅስ፣ እሳቸው ደረቅ ዓይናቸውን በሩ ላይ እንደተከሉ ነበር። ሴቶቹ ፈሩ። “ይህ እንባ ካልወጣ ይዟቸው ይሄዳል” ይባባሉ ነበር፣ እሳቸው እየሰሙ። እኔም ፈራሁ፤ ሰው በዚያ ዓይነት ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት የዕድሩ ዳኛ አባቴን ከድንኳኑ ጠርተው “አንድ ነገር ንገርልን እስቲ። ምናልባት አንድ ቃል ይወጣት ይሆናል” አሉት።

“ለቅሶ ቤት ፊልም ላወራ?”

“ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወትን አይደል እንዴ?” አሉት ዳኛው፣ እጃቸው ላይ ያለውን ካርታ እያሳዩት።

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፣ እትዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠና የካፒቴኑን ጀመረ። እናቴና እኔ ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊት ነን። እትዬ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሱ “ይህን ሰምቼዋለሁ” አሉ። “ያለፈው እሑድ ያስቀረኸውን ንገረኝ።”

ከረቡዕ ወዲህ ከአንድ ቃል በላይ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያው ነው። አባቴ ተንተባተበ፣ ከዚያ ምርጫ አልነበረውም፣ ጀመረ። ባንኩን ጠበቀ፣ ሌቦቹን አባረረ፣ መንደር ለመንደር በፈረስ ተሯሯጠ። መጨረሻው ሲደርስ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። “ተመታ” አለ፤ “ግን ትከሻው ላይ ነው። ሐኪም ነበረ አይደል? ራሱን በራሱ አከመና ተነሳ፣ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ ሄደ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “እሷም አብራኝ አይታዋለች፣ እንግሊዝኛም ታውቃለች። አይደል ልጄ?”

ያን “አይደል” ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ!

“የለም አባዬ፣ ሞቷል” አልኩ። “ባንኩንም ሊዘርፍ እንጂ ሊጠብቅ አልነበረም።”

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። አባቴ መሬት መሬት አየ። አንገቱን ደፍቶ ሳየው የተናገርኩትን ቃል መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ። እትዬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከበሩ አንስተው ወደ እኔ አዩ።

“ማን ቀበረው?” አሉኝ።

“አራት ሰዎች፣ እትዬ።”

“ማን አለቀሰለት?”

“ማንም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንዱ ትንሽ አነበበ፣ ከዚያ ሄዱ።”

ፊልሙ በዚያው አለቀ። ጋሼ የሚጠይቁት እዚያ ላይ ነበር። የሁላችንም ዓይን ወደ በሩ ሄደ፤ ማንም ማንንም አላዘዘም፣ የዓመታት ልማድ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

“እንዴት ሰው ሳይለቀስለት ይቀበራል?” አሉ እትዬ። ተቆጥተው ነበር፤ ያ ወፍራም ድምፃቸው ተመለሰ። “ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ የኖረ ሰው! ሰው የለውም እንዴ? እኛ የለንም እንዴ?” ነጠላቸውን አጣፉና ተነሱ። ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ፣ ከዚያ ቤቱን ያናወጠ ለቅሶ ወጣቸው።

በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ሲለቀስ የሠራው ሁሉ አንድ በአንድ ይነሳለታል። እትዬም አነሱለት። ከብት መንዳቱን፣ ሹመቱን፣ ያለ ጥፋቱ መታሰሩን፣ ካፒቴንነቱን፣ ሐኪምነቱን፣ አግብቶ ሳናይ መቅረቱን። ሴቶቹ እየተቀበሉ አለቀሱ። መሐል ላይ ካፒቴኑ ካፖርት ለበሰ፣ ዱላ ያዘ፣ ከተራራው ወርዶ በር ላይ ቆመ፤ ተቀመጥ ሲሉት እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ማን እንደሚለቀስ የተጠራጠረ አልነበረም። አባቴ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ነበር።

በዚያው ሰዓት ከወሰን ሰፈር የመጡ አንድ የጋሼ ዘመድ ለቅሶ ሊደርሱ ድንኳኑ ጋ ደርሰው ጩኸቱን ሲሰሙ “ደግሞ ማን ሞተ?” ብለው ደነገጡ። ካርታ የሚጫወት አንዱ “አክተሩ” አላቸው። “ወይኔ ወንድሜን!” ብለው እየጮሁ ገቡ። ማን እንደሆነ ኋላ እስኪነገራቸው ድረስ ከማናችንም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

ለቅሶው ሲበርድ እናቴ እትዬን አጎረሰቻቸው። ዋጡ። ሁለተኛውን ራሳቸው ጎረሱ። አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ “ሁለተኛ ፊልም አልወስድሽም” አለኝ፤ እጄን ግን ይዞኝ ነበር።

አርባው ወጣ፣ ሻይ ቤቱ ተከፈተ። አባቴ ግን እሑድ እሑድ ሻዩን ጠጥቶ ዝም ነው። “ሰውዬው ሞቷል፤ ምን ላውራችሁ?” ይላል። ሰው ከስብሰባ ወጥቶ ሻይ ቤት ገብቶ ስለ ስብሰባው ማውራት ጀመረ፤ ከዚያ የባሰ እሑድ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ግን አባቴ መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ቀጥሮኝ አብረን በፒያሳ ስናልፍ፣ ግድግዳው ላይ ያ ቅንድብ ተለጥፏል። ተያየን፣ ገባን።

ሰውዬው ጎረምሳ ሆኖ በፈረስ እየጋለበ መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። “ተነሳ” አለ ቀስ ብሎ።

ስንወጣ ይህ የቆየ ፊልም እንደሆነ፣ ተዋናዩ በሥራው ላይ እንዳለ ላስረዳው ሞከርኩ። ቆጣ አለ። “ይህን አጥቼው ነው? ሠላሳ ዓመት ፊልም ያየሁ ሰው ነኝ! ግን አልቅሳ ቀብራዋለች። የእሱን ለቅሶ ከባሏ ጋር ነው ያለቀሰችው። አሁን ሄጄ ‘አንደኛው ተመልሷል’ ልበላት? ሁለተኛውንስ ስትጠይቀኝ?” ባንነግራቸውም ከሌላ ሰው መስማታቸው አይቀርም፤ ፒያሳ የሚወጣው እኛ ብቻ አይደለንም።

አባቴ ከዕድሩ ዳኛና ከሐጂ ጋር ተማከረ። ሐጂ “የተለቀሰው በወግ ነው፤ ይህም በወግ ይነገራት” አሉ። እናም በማግስቱ እሑድ ማለዳ፣ ገና ፀሐይዋ ከየካ በኩል ብቅ ስትል፣ ሦስቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ እትዬ ቤት ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ሦስት ጎልማሶች፣ ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ሲያደርሱ የኖሩ፣ በማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ተከናንቦ በር ማንኳኳት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡትም።

እትዬ ከፈቱ። ሦስቱን አዩ፣ መቃኑን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ደግሞ ማን?” አሉ።

“ማንም!” ብሎ ጮኸ አባቴ። “ማንም አልሞተም! እንዲያውም ተነሳ!”

“ማን ነው የተነሳው?”

“ሰውዬዬ። አክተሩ።”

እትዬ ሦስቱን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሳቅ ነበር፤ ያ የድሮው፣ ድምፅ የሌለው። ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉና “ፊልም መሆኑ የጠፋኝ መሰላችሁ እንዴ?” አሉ። “እሱማ ይመለሳል። የእኔው ነው የማይመለሰው።” ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። “በሉ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙብኝ። ንገረኝ።”

ሻይ ሳይፈላ፣ ወንበሩ ሳይወለወል ተቀመጥን። አባቴ ነገራቸው። መጀመሪያ ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር፣ ቀስ በቀስ ሞቀው፤ ሰውዬው ሲጋልብ እሱም አብሮ ጋለበ፣ ከፈረሱ ወርዶ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ፣ ሲደባደብ፣ ሲያሸንፍም እንዲሁ። ሳንሱር ይህችን አልፏት ኖሮ መጨረሻው ላይ ሙሽራ በነጭ ቀሚስ አይተናል፤ አባቴ ያንን ለእትዬ ጥያቄ ብሎ አስቀርቶት ነበር። ጨረሰና ጠበቀ።

እትዬ “አገባ?” አላሉም። ወደ በሩ አዩና “ፈረሱን ማን ያዘለት?” አሉ።

“በረንዳው ላይ ካለው እንጨት አስሮት ነው የገባው” አለ አባቴ። “ሁለቴ ነው የቋጠረው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ልመና ነበረበት። “አይደል ልጄ?”

ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ልጓሙን መሬት ላይ ጥሎ ነው ዘሎ የገባው።

“አዎ አባዬ” አልኩ። “ሁለቴ ነው የቋጠረው።”